ለጀማሪ የሚሆን የሚና ጨዋታ ህግ እንዴት ይጻፋል፣ እንዴትስ ይቀርባል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ የራሳቸውን የሚና ጨዋታ መጻፍ የሚፈልጉ ወጣቶች አሉ። የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። መልሱን እዚህ አንድ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ጨዋታውን ገና የሚሰማም ሰው ቢሆን ከመጀመሪያው ጥያቄ ይጀምር።

የሚና ጨዋታ ምንድን ነው?

ጠረጴዛ ከበው በአፍ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። ከሦስት እስከ አምስት ሰው ይበቃል። አንዱ ጨዋታ መሪ ይሆናል። ቦታውን፣ መንገድ ላይ የሚያጋጥመውን ሰው፣ የሚመጣውን አደጋ እሱ ይተርካል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ። ገጸ ባሕርያቸው ምን እንደሚያደርግና ምን እንደሚናገር ይወስናሉ። ተራ ነገር ሲሆን ዝም ብሎ ይሆናል። "ይሳካ ይሆን?" የሚያሰኝ ነገር ሲመጣ ዳይስ (ሉዶ ላይ እንደሚጣለው ያለ ባለ ቁጥር መጣያ) ይጣላል። አሸናፊና ተሸናፊ የለም።

ታትሞ ለገበያ የወጣው የመጀመሪያው የሚና ጨዋታ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ አወጡት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓይነት ተጽፏል። ወፍራም መጽሐፍ የሆነ አለ፤ አንድ ገጽ የሆነም አለ።

ህጉን መጻፍ ከየት ልጀምር?

ከጠረጴዛው። ሰዎቹ ተቀምጠዋል። መሪው አንድ ነገር ተርኳል። አንዷ ተጫዋች "እኔ እንዲህ አደርጋለሁ" ብላለች። ከዚያስ? መጀመሪያ የምትጽፉት ህግ የዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

ብዙ ሰው ግን ከዓለሙ ታሪክ ይጀምራል። ነገሥታቱ፣ ጦርነቱ፣ ካርታው ይቀድማል። ቀጥሎ ገጸ ባሕርይ አፈጣጠር ይመጣል፤ ስድስት ዓይነት ችሎታ፣ አሥር ዓይነት ሙያ፣ ረጅም የዕቃ ዝርዝር። ለጻፈው ሰው በጣም ደስ የሚለው ክፍል ይህ ነው። ይገባኛል። ለጀማሪው ግን ገና ምንም ማለት አይደለም። "ጉልበት 2 ይሻልሻል ወይስ ብልሃት 2?" የተባለች ልጅ ቁጥሩ ምን እንደሚሠራ አላየችም። በምን ትምረጥ?

እንቆቅልሽ እንዴት እንደተማራችሁ አስታውሱ። ማንም አስቀምጦ ህጉን አላስረዳንም። "እንቆቅልህ" ሲባል ሌላው "ምን አውቅልህ" ሲል ሰማን፤ እኛም አልን። "አገር ስጠኝ" የሚባል ነገር እንዳለ ያወቅነው መልሱ የጠፋን ዕለት ነው። እያንዳንዱ ህግ የመጣው በሚያስፈልግበት ሰዓት ነበር። የሚና ጨዋታ ህግም በዚህ ቅደም ተከተል ሲጻፍ ለጀማሪ በጣም ይቀላል።

ትልልቆቹም ይህን ሞክረውታል። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው የጀማሪዎች ሳጥን አንባቢውን በቀጥታ ብቻውን ወደሚጫወተው አጭር ታሪክ ያስገባዋል። አንባቢው ህጉን የሚማረው በታሪኩ ውስጥ እየሄደ ነው።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ቀን ገጸ ባሕርያቱን ራሳችሁ አዘጋጅታችሁ ስጡ። ለአንዱ ገጸ ባሕርይ ግማሽ ገጽ ይበቃል። ስሙ፣ ሥራው፣ ሦስት ችሎታ ከነቁጥሩ፣ አጥብቆ የሚፈልገው አንድ ነገር፣ ከሌላ ተጫዋች ገጸ ባሕርይ ጋር የሚያገናኘው አንድ ነገር። የመጨረሻውን አትተዉት። "የዚህችን ነጋዴ ብድር አልከፈልክም" የሚል አንድ መስመር ሁለት የማይተዋወቁ ተጫዋቾችን ወዲያው ያነጋግራል። የራሱን ገጸ ባሕርይ መፍጠር የፈለገ ሰው በሁለተኛው ቀን ይፍጠር።

የትኛውን ዳይስ ልጠቀም?

ባለ 6 ፊቱን። ከሉዶ ጋር ስለሚመጣ ቤት ውስጥ አይጠፋም። ባለ 20 ፊቱ ያምራል፤ ግን ጨዋታችሁ እሱ ከሌለ የማይሆን ከሆነ መንዝ ውስጥ መሐል ሜዳ ወይም ሞላሌ ከተማ ያለ ልጅ ገና ሳይጀምር ቀረ ማለት ነው።

እኔ ለጀማሪ የምመርጠው ሁለት ዳይስ ጥሎ መደመር ነው። በድምሩ ላይ ለነገሩ የሚስማማው ችሎታ ይጨመራል። 10 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ሙሉ በሙሉ ተሳካ። ከ7 እስከ 9 ሲሆን ተሳካ፤ ግን ዋጋ ያስከፍላል። 6 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን አልተሳካም፤ መሪው ነገሩን ያከብደዋል። ይህን አከፋፈል ያስለመደው ቪንሰንት ቤከር እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው አፖካሊፕስ ወርልድ የተባለው ጨዋታ ነው። ከዚያ ብዙዎች ተቀብለውታል።

ቁጥሩን አንድ ጊዜ ቁጭ ብላችሁ አስሉት። ሁለት ዳይስ 36 ዓይነት አወጣጥ አለው። ችሎታው 0 የሆነ ሰው በ15ቱ ይወድቃል፤ በ15ቱ ዋጋ ከፍሎ ይሳካለታል፤ በ6ቱ ብቻ ሙሉ በሙሉ ይሳካለታል። ችሎታው 1 ሲሆን 10፣ 16 እና 10 ይሆናል። 2 ሲሆን 6፣ 15 እና 15። 3 ብትሰጡት ግን የሚወድቀው በ3ቱ ብቻ ነው። ያኔ ዳይስ መጣሉ ራሱ ትርጉም ያጣል። ለጀማሪ ጨዋታ 2 ላይ አቁሙ።

ዳይስ ከሌለስ? ከ1 እስከ 6 የተጻፈባቸው ስድስት ቁራጭ ወረቀቶች በሲኒ ውስጥ አድርጋችሁ አውጡ። ግን የመጀመሪያውን ከመለሳችሁ በኋላ ነው ሁለተኛው የሚወጣው። ሁለቱን አንድ ላይ ካወጣችሁ 2 እና 12 ፈጽሞ አይመጡም፤ ሙሉ ስኬትም ይቀንሳል። ይህን ህጉ ላይ በግልጽ ጻፉት፤ ሰው ያልተጻፈለትን አያደርግም።

አንድን ህግ ጀማሪ እንዲገባው አድርጌ እንዴት ልጻፍ?

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። መጀመሪያ መጥፎውን እንየው።

"ገጸ ባሕርይው አስቸጋሪ መልክዓ ምድርን በሚያቋርጥበት ጊዜ የአካላዊ ብቃት ፈተናን ማለፍ የሚጠበቅበት ሲሆን፣ የፈተናው ክብደትም በጨዋታ መሪው ውሳኔ መሠረት እንደየሁኔታው ሊሻሻል ይችላል።"

የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይመስላል። ማን ምን ያድርግ? ስንት ይውጣ? ካልወጣስ? አይታወቅም። አሁን ደግሞ ይኼን።

"ብትወድቁ የምትጎዱበት ቦታ ላይ ስትወጡ፣ ስትወርዱ ወይም ስትሻገሩ ሁለት ዳይስ ጣሉ። ጉልበት ጨምሩ። 10 ወይም በላይ ከሆነ አለፋችሁ። ከ7 እስከ 9 ከሆነ አለፋችሁ፤ ግን ዕቃ ወይም ጊዜ አጣችሁ፤ የቱን እንደሆነ መሪው ይመርጣል። 6 ወይም በታች ከሆነ መሃል መንገድ ላይ ቀራችሁ፤ መሪው ምን እንደተፈጠረ ይናገራል።"

ልዩነቱ ርዝመቱ አይደለም። ሁለተኛው እንዲያውም ይረዝማል። ግን ህጉ መቼ እንደሚሠራ ይናገራል፤ ምን እንደሚደረግ ይናገራል፤ ከዚያ ምን እንደሚከተል ይናገራል። እነዚህ ሦስቱ ከሌሉ ህግ አልጻፋችሁም።

ከህጉ ሥር ሁልጊዜ አጭር ምልልስ አስገቡ። ጀማሪ ከማብራሪያው ይልቅ የሚይዘው ምልልሱን ነው። ለምሳሌ፦

መሪ፦ ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ እየወረዳችሁ ነው። ጉም ሸፍኗችኋል። መንገዱ ጠቧል። የፊተኛዋ በቅሎ ድርቅ ብላ ቆመች። ምን ታደርጋላችሁ?

ነጋዴዋ፦ ልጓሟን ይዤ ቀስ አድርጌ እስባታለሁ።

መሪ፦ ድንጋዩ ረጥቧል። ብታዳልጪ ገደል ነው። ዳይሱን ጣይ። ጉልበትሽ ስንት ነው?

ነጋዴዋ፦ 1። ኧረ 3 እና 4 ወጣ! በድምሩ 8።

መሪ፦ በቅሎዋ ተንቀሳቀሰች፤ አለፋችሁ። ግን አንደኛው ጭነት ተፈቶ ወደ ታች ተንከባለለ። ጨዉ ነው። ወርደሽ ታነሺዋለሽ ወይስ ትተሽው ትሄጃለሽ?

መሪው መጨረሻ ላይ ጥያቄ እንደጠየቀ ልብ በሉ። ዳይሱ ታሪኩን አልዘጋም፤ ሌላ ምርጫ ከፈተ።

ስለ ቋንቋው ሁለት ነገር ልጨምር። ህጉን "ጣሉ፣ ደምሩ፣ ጨምሩ" እያላችሁ በብዙ ቁጥር ጻፉት። ወንዱም ሴቷም ለኔ ተጻፈ ይላሉ። ሁለተኛ፣ ለአንድ ነገር አንድ ስም ብቻ ስጡ። አንድ ቦታ "ችሎታ"፣ ሌላ ቦታ "ብቃት"፣ ሌላ ቦታ "ነጥብ" ካላችሁ ጀማሪው ሦስት የተለያዩ ነገሮች ይመስሉታል። ድርሰት ላይ ቃል መለዋወጥ ያምራል፤ ህግ ላይ ያደናግራል።

ስንት ችሎታ ይበቃል?

ሦስት። ጉልበት፣ ብልሃት፣ አንደበት። ለአንዱ 2፣ ለአንዱ 1፣ ለአንዱ 0 ስጡ። አንደበትን አትናቁት። በእኛ አገር ታሪክ ውስጥ በሽምግልና፣ በምልጃና በቀልድ የተፈታው ነገር በጉልበት ከተፈታው ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ተጫዋቾችም የሚወዱት ይህን ነው።

ዳይሱ እምቢ ሲል ጨዋታው ይቆማል። ምን ላድርግ?

ይህ የሚሆነው ህጉ "አልተሳካም" ብሎ ሲያቆም ነው። በሩን ለመክፈት ሞከረ፤ አልተከፈተም። ደግሞ ሞከረ፤ አልተከፈተም። ሁሉም ተሰላቸ። 6 ወይም ከዚያ በታች ሲወጣ ሁልጊዜ የሆነ ነገር ይለወጥ። በሩ አልተከፈተም፤ ግን ውሻው ጮኸ።

ጀማሪ መሪ በዚያች ቅጽበት ሐሳብ ይጠፋዋል። ስለዚህ በመሪው ወረቀት ላይ የመከራ ዝርዝር ጻፉለት፦ መሸ፣ ዘነበ፣ ጭነት ጠፋ፣ ሰው ሰማ፣ ስንቅ አለቀ፣ የማይከፈል ውለታ ተገባ፣ ጓደኛ ተጎዳ። ዓይኑን ጣል አድርጎ አንዱን ያነሳል። ከመሪው ወረቀት ላይ ለማንም የማላስወጣው ክፍል ይህ ዝርዝር ነው።

በእኛ አካባቢ የሚካሄድ ጨዋታ መጻፍ ይቻላል?

እንዴታ! ለጀማሪ እንዲያውም ይሻለዋል። ያላየውን የድንጋይ ግንብ ከመግለጽ የሚያውቀውን ቁልቁለት መግለጽ ይቀላል።

አንኮበርን ውሰዱ። የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች። እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 በነገሡት በሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኞች ከባሕር ዳርቻ ተነስተው የአፋርን በረሃ አቋርጠው እዚያ ደርሰዋል። ከሥሯ ያለችው አልዩ አምባ የሲራራ ነጋዴዎች መናኸሪያ ነበረች። ደጋና ቆላ ተቀራርበዋል፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ገበያ ይገናኛሉ፤ ቀረጥ አለ፤ ወሬ አለ። ለጨዋታ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ግን ቦታው ስም ብቻ ሆኖ እንዳይቀር። ህጉ ውስጥ ይግባ። እኔ ብሆን አንድ ህግ ለጭነት፣ አንድ ህግ ለብርድ እጽፋለሁ። ጭነቱ ሲበዛ ጉልበት በ1 ይቀንሳል። ሌሊት ደጋ ላይ ያለ ባና (የሱፍ ብርድ ልብስ) ያደረ ሰው ጠዋት የመጀመሪያውን ዳይስ በ1 ቀንሶ ይጥላል። በቃ። ተጫዋቾቹ ራሳቸው "ባና ይዘናል?" ማለት ይጀምራሉ። ቦታው ተሰማቸው ማለት ነው።

የጦርነት ጨዋታ ብቻም አይሁን። የመንዝን ጓሳ አስቡ። ሣሩ ለዓመታት ታግዶ ይቆይና ማኅበረሰቡ ሲስማማ ይታጨዳል። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚገኙበት ቦታ ነው። "ዘንድሮ ይከፈት ወይስ ይታገድ?" ብለው የሚከራከሩ ጎረቤታሞች፣ አንዱ ቤቱ የሚያፈስበት፣ ሌላው ጠባቂ የሆነ፣ ሌላው በስውር ያጨደ። አንድም ጎራዴ ሳይመዘዝ ሲጫወቱ ያመሻሉ።

ቤተሰብ "ቁማር ነው" ወይም "ጥንቆላ ነው" ቢሉስ?

ይሉ ይሆናል። አትቆጡ። ዳይስ ሲያዩ ቁማር ትዝ ቢላቸው አይፈረድባቸውም። አሜሪካ ውስጥም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ብዙ ወላጆች ጨዋታው ጥንቆላ ያስተምራል ብለው ሰግተው ነበር።

ምንም ገንዘብ እንደማይያዝ ንገሯቸው። ከዚያ ቁጭ ብለው እንዲያዩ ጋብዟቸው። ቡና ሲፈላ መጫወት ጥሩ ነው፤ በር ተዘግቶ የሚደረግ ነገር ጥርጣሬ ይወልዳል። በጽሑፉ በኩል ደግሞ የናንተ ድርሻ አለ። ታቦትን፣ ጸሎትን፣ ቅዱሳንን፣ እንዲሁም የሙስሊሙን ቅዱስ ነገር የዳይስ ጉዳይ አታድርጉ። ይህን የምለው ለጥንቃቄ ብቻ አይደለም፤ አብሮን የሚቀመጠው ሰው የሚያከብረውን ማክበር ስላለብን ነው።

በመጀመሪያው ቀን ጠረጴዛው ላይ እንዴት ላስረዳ?

አታስረዱ። አስጀምሩ።

ገጸ ባሕርያቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርጉና እንዲመርጡ አድርጉ። ሁኔታውን በአራት አምስት ዓረፍተ ነገር ተርኩ። ከዚያ "ምን ታደርጋላችሁ?" በሉ። አንዱ አስጊ ነገር ሲመርጥ ዳይሱን ስጡትና ያኔ ህጉን ንገሩት። ሌሎቹ እያዩ ይማራሉ። ከሁለተኛው ሰው በኋላ ማስረዳት አያስፈልጋችሁም።

ለመናገር የሚያፍር ሰው ይኖራል። "ምን ታደርጊያለሽ?" ብትሏት ዝም ካለች ጥያቄውን አጥብቡላት፦ "ትደበቂያለሽ ወይስ ትጣሪያለሽ?" ከሁለት መምረጥ ይቀላል። በሦስተኛው ዙር ከሁለቱም ውጭ የሆነ ነገር ትመልስላችኋለች።

ትልቅ ሰው አብሮ ሲጫወትስ? ይህ በእኛ ቤት ትልቅ ጉዳይ ነው። ጋሼ ከተናገሩ በኋላ ልጆቹ ሌላ ሐሳብ አያነሱም። ስለዚህ ዙሩን ሁልጊዜ ከታናሹ ጀምሩ፤ ይህንንም እንደ ህግ ጻፉት። የመሪው ሐሳብ ሳይሆን የጨዋታው ህግ ሲሆን ማንም አይከፋም። አጠራሩ ላይም አትቸገሩ። ጋሼ የያዙት ገጸ ባሕርይ አህያ ነጂ ቢሆንም "ጋሼ፣ እርስዎ ምን ያደርጋሉ?" ነው የሚባለው።

ሰውን የሚያስከፋ ነገር ቢመጣስ?

በዚህ አካባቢ ያለፉት ዓመታት ቀላል አልነበሩም። ቤቱ የተቃጠለበት፣ ተፈናቅሎ ደብረ ብርሃን የገባ ሰው አብሯችሁ ሊቀመጥ ይችላል። ለናንተ ታሪክ የሆነው ለሱ ትናንት ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት የማይነካውን ተነጋገሩ። የብሔር ግጭትና የቤት ቃጠሎ በጀማሪ ጨዋታ ውስጥ ባይገባ እመርጣለሁ። ከዚያ የኤክስ ምልክት ያለበት አንድ ወረቀት ጠረጴዛው መሃል ይቀመጥ። ማንም ወረቀቱን ሲነካ መሪው ያንን ትዕይንት ትቶ ወደ ሌላ ይሄዳል። ምክንያት አይጠየቅም። ይህ ልማድ በብዙ አገር ተጫዋቾች ዘንድ አለ፤ ከዳይሱ ህግ እኩል ቦታ ስጡት።

ከሌላ ጨዋታ ህግ መውሰድ ይፈቀዳል?

ዘዴውን መውሰድ ይቻላል፤ ጽሑፉን መገልበጥ አይቻልም። በእኛም አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሐሳብንና የአሠራር ዘዴን አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው የተጻፈበትን መንገድ ነው። ስለዚህ "ሁለት ዳይስ ጥሎ መደመር" የማንም አይደለም። በራሳችሁ ቃል ጻፉት፤ ከማን እንደተማራችሁም ጥቀሱ።

ጽሑፉን ጭምር መጠቀም ከፈለጋችሁ ፈቃድ ያላቸውን ፈልጉ። የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ መሠረታዊ የህግ ሰነድ እ.ኤ.አ. ከጥር 2023 ጀምሮ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ተለቋል። ምንጩን በሚጠይቀው መልክ እስከጠቀሳችሁ ድረስ መተርጎምም መሸጥም ትችላላችሁ።

ወረቀቱ ምን ይምሰል?

አንድ ኤ4 ወረቀት ሁለት ላይ ሲታጠፍ አራት ገጽ ይሆናል። ለጀማሪ ጨዋታ ይበቃል። የመጀመሪያው ገጽ ሁኔታውና ምልልሱ፣ መሃሉ የዳይሱ ህግ፣ የመጨረሻው የመሪው ዝርዝር። ለፎቶ ኮፒ እንዲሆን በጥቁርና ነጭ ሥሩት። ፊደሉን አታሳንሱት፤ ሌሊት መብራት ሲጠፋ በሻማ መነበብ አለበት። የዳይሱን ውጤት በሠንጠረዥ አስቀምጡ። ሌላውን በዓረፍተ ነገር።

ጥሩ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ወረቀቱን ለሌላ ሰው ስጡ። ያ ሰው ይምራ። እናንተ ዳር ተቀምጣችሁ አፋችሁን ዝጉ። በጣም ይከብዳል፤ "እንደዚያ ማለቴ እኮ አይደለም" ማለት ያምራችኋል። አትበሉ። ወረቀቱ ያለናንተ ሄዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ እናንተ አትኖሩም።

መሪው የት ቆሞ ወደ ኋላ ገልጦ እንዳነበበ ጻፉ። የት የራሱን ህግ እንደፈጠረም ጻፉ። ወደ ኋላ የገለጠበት ቦታ ቅደም ተከተሉ የተበላሸበት ነው። የራሱን ህግ የፈጠረበት ቦታ ግን ሁልጊዜ ስህተት አይደለም። አንዳንዴ የሱ ከናንተ ይሻላል፤ ጠይቁትና ውሰዱት።

ተጨማሪ ህግ መቼ ልጨምር?

አንድ ዓይነት ጥያቄ በተለያየ ቀን፣ በተለያየ ጠረጴዛ ሲነሳ። "በቅሎ ስትታመም ምን እናድርግ?" አንድ ጊዜ ከተባለ መሪው ይወስነው። ደጋግሞ ከመጣ ጻፉት፤ ስትጨምሩም ማንም የማያነሳውን አንድ ህግ አውጡ። አራት ገጹ አራት ገጽ ይሁን።